«አትውጡ» ያሉት ሰው

የጋሽ ይመርን ሞት የሰማሁት ኮምቦልቻ መናኸሪያ ውስጥ፣ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው እየጫንኩ ሳለ ነው። ተራ አስከባሪው በመስኮቴ ጎንበስ ብሎ «ኑሩ፣ የጋቢናው ደንበኛህ አረፉ አሉ» አለኝ። «የቱ?» አልኩት። የቱ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ አፌ ነው ዝም ብሎ የጠየቀው።

ልባቸውን አሟቸው ሆስፒታል ከገቡ ሰንብተው ነበር። ልጠይቃቸው የሄድኩ ጊዜ አልጋቸው ባዶ ነበር። ደንግጬ ነርሷን ብጠይቃት በአገጯ ወደ ኮሪደሩ አመለከተችኝ። ጋሽ ይመር በሆስፒታሉ ፒጃማ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። «ጋሼ፣ ይተኙ እንጂ!» ብላቸው «መተኛቱ የት ይሄድብኛል ብለህ ነው?» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። የመጨረሻ ወጋችን እሷ ሆነች።

እኚህ ሰው መቀመጥ አይሆንላቸውም ነበር። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበሩም። መጀመሪያ ያወቅኋቸው ጊዜ ደሴ ውስጥ የአንድ ክፍለ ከተማ ኃላፊ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ሹፌር። የኩታበር ገበሬ ልጅ ናቸው። ከመሾማቸው በፊት ብዙ ዓመት ጂኦግራፊ ስላስተማሩ የከተማው ግማሽ ተማሪያቸው ነው ማለት ይቻላል። ባለጉዳይ ሲገባ ከወንበራቸው ተነስተው ይቀበላሉ። አንዴ ከተቀመጡ በኋላ ግን ሰውየው የሆዱን ጨርሶ እስኪያወጣ ንቅንቅ የለም። በድንበር የተጣሉ ጎረቤታሞች ረፋድ ላይ እየተሰዳደቡ ገብተው፣ ለምሳ አብረው ሲወጡ አይቻለሁ። «ሰው ፍርድ ብቻ አይደለም የሚፈልገው፣ የሚሰማው ጆሮም ይፈልጋል» ይሉ ነበር። ጸሐፊያቸው «የጋሽ ይመር ወንበር ሥር ሰዷል» እያለች ትቀልድባቸዋለች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

መጀመሪያ የመጡት ተፈናቃዮች ናቸው። ከሰሜን በኩል በእግርም በመኪናም እየመጡ ትምህርት ቤቶቹን ሞሉ። በዚያ ሰሞን ጋሽ ይመርን የሚተካከል ሰው አልነበረም። ዱቄት ፍለጋ፣ ብርድ ልብስ ፍለጋ ከነጋዴ ነጋዴ ስንዞር እንውላለን። አንዷ አራስ ሲሚንቶ ላይ ተኝታ ቢያዩ የገዛ ቤታቸውን ፍራሽ ተሸክመን ሄደናል። ቀጥሎ የመድፉ ድምፅ መሰማት ጀመረ። በመጀመሪያ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ነበር፤ እየዋለ እያደረ መስኮት ያንቀጠቅጥ ጀመር። ያኔ ከተማው ዕቃውን ይሸክፍ ያዘ። ጠዋት ስንወጣ ፍራሽና ጀሪካን የጫነ አይሱዙ እናያለን፣ ከሰዓት ደግሞ ሌላ። አንድ ሱቅ ሲዘጋ የጎኑም ይዘጋል።

አንድ ቀን መኪና ውስጥ ይህንን እያዩ «ኑሩ፣ ከተማ የሚወድቀው በመድፍ አይደለም፤ በሻንጣ ነው» አሉኝ። ንግግሯ ራሳቸውንም ደስ ሳትላቸው አልቀረችም። በማግስቱ ፒካፑ ላይ ድምፅ ማጉያ አስጭነው በየሰፈሩ ስንዞር ይችኑ ደጋገሟት። «ወገኖቼ፣ ከቤታችሁ አትውጡ! ከተማ የሚወድቀው በመድፍ አይደለም፣ በሻንጣ ነው! እኔም ቤተሰቤም እዚሁ ነን!» ይህ ውሸት አልነበረም። ባለቤታቸው ወይዘሮ እቴነሽ እዚያው ነበሩ። ሰው ያንን ስለሚያውቅ አመነ። ጭኖ የነበረውን ያወረደም አለ።

አላወርድም ያለውን ግን አስገደዱት። ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው መንገድ፣ ከከተማው መውጫ ላይ ገመድ አስወጠሩ። የሰፈር ወጣቶች እዚያ ቆመው፣ ሕመምተኛ ካልሆነ በቀር ቤተሰብ የጫነ መኪና ይመልሱ ጀመር። ትዕዛዙ ከላይ የመጣ ነው ተባለ፤ እኔም የማውቀው እንደዚያ ነበር።

እትዬ ዘሀራን ያገኘናቸው እዚያ ገመድ ላይ ነው። እትዬ ዘሀራ የጋሽ ይመር የቅርብ ጎረቤት ናቸው። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተውባቸዋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚያከብራቸው ሴት ናቸው፤ ሰፈር ውስጥ ጠብ ሲነሳ ሰው ከሽማግሌ በፊት ወደ እሳቸው ነው የሚሮጠው። ሁሴን የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ብየዳ ይሠራል፣ ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም። ከነሙሽሪቱ አንድ አይሱዙ ላይ፣ ፍራሹና የብየዳው ማሽን መሐል ተቀምጠዋል። እናትየው ከሹፌሩ ጎን ናቸው።

ጋሽ ይመር ከፒካፑ ወርደው ሄዱ። እኔም ተከትያቸው ወረድኩ።

«እትዬ ዘሀራ፣ እርስዎም?»

«እኔስ ምን ልሁን ይመር? ልጄን ይዤ ልሽሽ እንጂ።»

«እርስዎ ከወጡ ሰፈሩ ተከትሎ ይወጣል። ሰዉ የሚያየው እርስዎን ነው።»

«ቢያየኝስ? እኔ የሰፈሩ ምሰሶ ነኝ?»

«ነዎት እንጂ። ምንም አይመጣም እያልኩዎት ነው። እቴነሽም አልሄደችም።»

ሁሴን ከላይ ሆኖ «ጋሽ ይመር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ገመዱን ያንሱልን» አለ። ተማሪያቸው ነበር፤ በቁጣ ሳይሆን በልመና ነው የተናገረው። ጋሽ ይመር ቀና ብለው አላዩትም። የሚያዩት እትዬ ዘሀራን ብቻ ነበር። እትዬ ዘሀራ «በል እሺ፣ አንተ ካልክ። አላህ ያውቃል» አሉ። ሹፌሩንም «አዙረው» አሉት። ከኋላቸው የተሰለፉት መኪኖች ያለ ክርክር አንድ በአንድ ዞሩ።

ጋሽ ይመር ፒካፑ ውስጥ ሲገቡ «አየህ?» አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነበር። ያቺ «አየህ?» በኋላ ስንት ጊዜ ተመልሳ እንደወጋቻቸው የማውቀው እኔ ነኝ።

ከተማው የሚያዝበት ቀን ሲደርስ ከአለቆቻቸው ስልክ ተደወለ። «ባላችሁ መኪና ቶሎ ውጡ» ነበር ወሬው። ከቢሮ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ከነፍን። ወይዘሮ እቴነሽ ነርስ ናቸው፤ በዚያ ሰሞን ቁስለኛ ሲያክሙ ውለው ማደር ጀምረው ስለነበር ፊታቸው ጠቁሯል። በር ላይ ቆመው ሰሙ።

«እቴነሽ፣ ግቢ መኪና ውስጥ። ጊዜ የለም።»

«እትዬ ዘሀራስ?»

«አሁን ለእሱ ጊዜ የለም አልኩሽ።»

«ሰውን አትውጡ ብለህ እኔን ልታወጣኝ ነው?»

«እቴነሽ፣ በማርያም!»

«እኔን ምሳሌ አድርገህ ነው በድምፅ ማጉያ ስትጮህ የከረምከው። አሁን መኪና ላይ ዘልዬ ብወጣ ያን ሁሉ ሰው ምን ብዬ አየዋለሁ? አንተ ሂድ። ሹመኛ ነህ፣ ካገኙህ አይምሩህም። እኔ ግን የትም አልሄድም።»

እጃቸውን ሊይዙ ሲሉ ወይዘሮ እቴነሽ ወደ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉት። ቀስ ብለው ነው የዘጉት። ጋሽ ይመር በሩ ፊት ጥቂት ቆሙና ተመለሱ።

ከከተማው መውጫ ስንደርስ ገመዱ ተበጥሶ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ጠባቂ የሚባል የለም። መንገዱን በእግሩ የሚሸሽ ሰው ሞልቶታል። ፒካፑን የሚያውቀው ብዙ ነው። አንድ ሽማግሌ ልጅ አዝለው በመስኮታችን አጠገብ ሲያልፉ አዩን። ቢሳደቡ ይሻል ነበር፤ ዝም ብለው አይተውን አለፉ። ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት ላይ ጋሽ ይመር «አቁም!» አሉኝ። ወርደው ወደ ደሴ ዞሩ። ጭስ ይታያል። «እመለሳለሁ» አሉና ሽቅብ መራመድ ጀመሩ። የሚወርደው ሰው ግን እንደ ጎርፍ ነው፤ ትከሻቸውን እየመታ፣ እየገፋ ወደ ኋላ መለሳቸው። ሄጄ ክንዳቸውን ይዤ መኪናው ውስጥ አስገባኋቸው። ወላሂ፣ ከዚያች ሰዓት ወዲህ ተረጋግተው የተቀመጡበትን ቀን አላውቅም።

ወራሪው ወጥቶ ወደ ከተማው ስንመለስ በሩን የከፈቱልን ወይዘሮ እቴነሽ ናቸው። ባላቸውን አቀፏቸው፣ ሳሟቸው። ከዚያ ጋሽ ይመር ገና ሳይጠይቁ «ሁሴን ሞቷል» አሏቸው። ከባድ መሣሪያ ግቢያቸው ውስጥ ወድቆ ነው። ሙሽራይቱ ቆስላ ተርፋለች። ወንድ ሁሉ ተደብቆ፣ መውጣት አልቻለም፤ ልጁን የቀበሩት እትዬ ዘሀራ፣ ወይዘሮ እቴነሽና ሁለት የሰፈር ሴቶች ናቸው።

«እትዬ ዘሀራ ስለ እኔ ምን አሉ?» አሉ ጋሽ ይመር።

«ምንም። ስምህን አላነሱም።»

ጥቂት ቆይቶ ስብሰባ ተጠራ። በችግሩ ጊዜ ሕዝቡን በማረጋጋት ላደረጉት አስተዋጽኦ የምስጋና ወረቀት ይሰጣል ተባለ። እኛ ሹፌሮች ከኋላ ተቀምጠናል። የጋሽ ይመር ስም ተጠራ፣ ተጨበጨበ፤ ሰውየው የሉም። ወጥቼ ብፈልጋቸው ግቢው ውስጥ ፒካፑን ይዞሩታል፤ ልክ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው፣ ይዞሩታል። «ጋሼ፣ እየጠሩዎት ነው» አልኳቸው። «ሰምቻለሁ» አሉ። መዞራቸውንም አላቆሙም። በዚያው ሳምንት ሥራውን ለቀቁ።

ደጅ ጠንተው ወደ ማስተማር ተመለሱ። ደሴ ግን አይደለም፤ ኮምቦልቻ። ከሁሴን ጋር ባደጉት የሰፈር ልጆች ፊት ቆመው ማስተማር አልሆነላቸውም። ቤታቸውንስ ለምን አይቀይሩም ብዬ ነበር፤ «እትዬ ዘሀራ ያልለቀቁትን ሰፈር እኔ ልልቀቅ?» አሉኝ። እኔም የመንግሥት ሥራዬን ትቼ ሚኒባስ ይዤ ነበርና፣ ጠዋት ከፋብሪካ ሠራተኞቹ ጋር አሳፍሬያቸው እወርዳለሁ፣ ከሰዓት ይዣቸው እወጣለሁ። ጋቢናዋ የእሳቸው ነበረች።

አቤት መቁነጥነጥ! የመስኮቱን መስታወት ያወርዳሉ፣ ይሰቅላሉ። «ጋሼ፣ እጀታው ሊነቀል ነው» እላቸዋለሁ። «ይቅርታ» ብለው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡና፣ ጥቂት ኩርባ እንደሄድን ተመልሰው ይዘውታል። አንዳንድ ቀን ሐረጎ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ይላሉ። ዝናብ ይሁን ፀሐይ፣ ቀሪው በእግር ነው። ተሳፋሪው «እኚህ ሰውዬ ጤነኛ ናቸው?» ይለኛል። «ከእኔና ከአንተ ይሻላሉ» እላለሁ።

ትምህርት ቤትም አንድ አመል አመጡ። የክፍላቸውን በር አይዘጉም። «መውጣት የፈለገ ሳያስፈቅድ ይውጣ» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ግማሹ ተማሪ እየሳቀ ወጣ። ርዕሰ መምህሩ ጠርተው «ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ መናኸሪያ?» ብለው ተቆጧቸው። ጋሽ ይመር «እኔ ሰው ላይ በር አልዘጋም። መዝጋት ካለበት ሌላ መምህር ይመደብ» ብለው ፀኑ። ማስተማሩን ግን ያውቁበታልና፣ ውሎ አድሮ የወጡት ልጆች ተመልሰው በሩ ላይ ቆመው ያዳምጡ ጀመር። ይህን የነገረኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። እሳቸው ስለ ራሳቸው በጎ ነገር አይወጣቸውም።

የሚያወሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ኑሩ፣ ያኔ ገመዱ ባይኖር ኖሮስ?»

እኔ መልስ ነበረኝ። በዚያው ሰሞን ገመዱ ሳይወጠር ቀድሞ የወጣ፣ ቤተሰቦች የጫነ መኪና ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጦ ሰው አልቋል። «የወጡትም እኮ ሞተዋል ጋሼ። ቢለቀቁ እነሁሴንም እንደዚያ ሊሆኑ ይችሉ ነበር» እላቸዋለሁ። አንድ ሰሞን ይህ አጽናናቸው። ራሳቸውም ይደግሙት ነበር፤ «ልክ ነህ፣ መኪናውም ተገልብጧል» ይላሉ። ከዚያ አንድ ጠዋት ገና ጋቢናው ውስጥ በደንብ ሳይገቡ «ያልከውን አሰብኩበት» አሉኝ።

«ምኑን?»

«የተገለበጠውን መኪና። እዚያ ላይ የነበሩት ሰዎች መርጠው ነው የተሳፈሩት። ለሁሴን ግን የመረጥኩለት እኔ ነኝ። ልጁ ክፈቱልኝ እያለ ለመነኝ፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። ልክ ነበርኩ ወይስ ተሳስቻለሁ አይደለም ጥያቄው፣ ኑሩ። እኔን ማን መራጭ አድርጎኝ ነው?»

ከዚያ ወዲያ የተገለበጠውን መኪና አላነሳሁባቸውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን እትዬ ዘሀራን ይሸሿቸው ነበር፤ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት ሆነው! የእሳቸውን በር ላለማየት ዙሪያውን በኋላ መንገድ ይገባሉ። ወይዘሮ እቴነሽ ግን ከእትዬ ዘሀራ ቤት አይጠፉም። በመጨረሻ የቆረጡት ወይዘሮ እቴነሽ ናቸው። «ወይ ግባና ንገራቸው፣ ወይ ሰፈሩን ልቀቅልን። ግድግዳ ታክኮ የሚሄድ ባል ሰለቸኝ» አሏቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ይመር ደውለው «አብረኸኝ ግባ። አንተ እንኳ በእናንተ ደንብ ታጽናናቸዋለህ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ደንብ የሚፈታው ነገር መሰለዎት?» አልኳቸው፤ ሄድኩ እንጂ።

እትዬ ዘሀራ በረንዳቸው ላይ ባቄላ ይፈለፍላሉ። ሰላም አልኳቸው፣ መለሱልኝ። «ኑሩ፣ አረፍ በል። ይመር፣ ቁጭ በል» አሉ፤ ትናንት የተለያዩ ያህል። ጋሽ ይመር አልተቀመጡም።

«እትዬ ዘሀራ፣ አፉ ይበሉኝ ብዬ ነው የመጣሁት።» ይቅርታን በእኛ አገር የምንለምነው በዚህ ቃል ነው።

«ለምኑ?»

«ለሁሴን።»

«ሁሴንን የገደልከው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም። ግን...»

«ትዕዛዙ ከላይ የመጣ ነው አሉን። አንተ ምን ታደርግ?» አሉ። ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ከጋሽ ይመር ፊት አልነቀሉም። አሁን ሳስበው፣ የሚያመልጡበትን ቀዳዳ አሳይተዋቸው ይገቡበት እንደሆነ ያዩ ነበር።

ጋሽ ይመር ግን አልገቡበትም። «ከላይ አልመጣም» አሉ። «ማንም አላዘዘኝም። ገመዱ የእኔ ሐሳብ ነው። ሰዉ ከላይ ነው ሲል ሰማሁና ዝም አልኩ። ዝምታው ጠቀመኝ።»

እኔ ራሴ ይህን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ልፈለፍል ያነሳኋትን ባቄላ ምን እንዳደረግኋት አላውቅም።

እትዬ ዘሀራ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉ። «ሼሁ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው፣ ታገሺ አሉኝ። እሺ ብዬ ታገስኩ። ብቻዬን ስሆን ግን ቀደሩ የአንተን መልክ ይዞ ይመጣብኛል። አንተ ደግሞ ቀደር አይደለህም። ይመር ነህ። የእቴነሽ ባል ነህ።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «አፉ ማለቱን አላህ ልቤ ውስጥ ሲጥልልኝ እልሃለሁ። ለአፌ ያህል አልልህም። እስከዚያ ግን አትሽሸኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ፊቴ ቁጭ በል። ገመዱስ ገመድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ መቀየርህ ነው አንጀቴን የበላው።»

ጋሽ ይመር ያኔ ተቀመጡ። ደረጃው ላይ፣ ከእግራቸው ሥር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ናቸው። እትዬ ዘሀራ ሁሴንን ያወሯቸዋል፤ ሕፃን ሳለ ስለሰበረው ጥርሱ፣ ብየዳ ሲማር ያለ መነጽር ሠርቶ ሲያለቅስ ስላደረው ሌሊት፣ ሚስት ሲያጭ ስለቀባጠረው። ጋሽ ይመር ይሰማሉ። አንዳንዴ ጉልበታቸው ብቻውን ይንቀጠቀጣል፤ እትዬ ዘሀራ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ «ይመር፣ እግርህ» ይሏቸዋል። ይይዙታል።

ዓመታት አለፉና ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጣ። አገሩ እንደገና ተረበሸ፤ መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል። አንድ ሰሞን ተኩስ ከከተማው ጥግ ተሰማና ሰው ዳግመኛ መሸከፍ ጀመረ። የሚገርመው፣ ምክር ፍለጋ የሄደው ወደ ጋሽ ይመር ነው። «እንውጣ ወይስ እንቀመጥ?» ይላቸዋል። እሳቸው ደሴ መናኸሪያ ቆመው ለምናውቃቸው ሹፌሮች ሁሉ ይደውላሉ፤ የሰሙትን ለጠየቃቸው ይነግራሉ። «እስከ ኮምቦልቻ ሰላም ነው። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። አንተው ወስን።» ሰው ተናደደባቸው። አንዲት እናት ሻንጣዋን መሬት ላይ ጥላ «ያኔ ሳንጠይቅዎት ይወስኑልን ነበር። ዛሬ ስንጠይቅዎት አላውቅም ይሉናል?» አለቻቸው።

ጋሽ ይመር ሻንጣዋን አንስተው እጇ ላይ አስያዟት። «እናቴ፣ ያኔም አላውቅም ነበር» አሏት።

በዚያው ሰሞን እሳቸው ይሠሩበት የነበረው ወንበር ላይ የተቀመጠው ወጣት ኃላፊ መናኸሪያ ድረስ መጣ። እሱም የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። ትሑት ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም፤ ጨንቆታል።

«ጋሽ ይመር፣ ሕዝቡ ድምፅዎን ያውቃል። አንድ ጊዜ ይናገሩልን።»

«የማውቀውን እናገራለሁ።»

«ሌላ አይደለም፣ አትውጡ ይበሉልን ብቻ።»

«እሷ ቃል ከአፌ አትወጣም።»

«ታዲያ ሕዝቡ ቢበተን ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?»

ጋሽ ይመር ትከሻውን ያዙት። «ልጄ፣ ወንበሩ ላይ ሳለህ ሕዝብ የሚሉት አንድ ትልቅ ነገር ይመስልሃል። ስትወርድ ግን ሕዝብ አይደለም የሚጠብቅህ። አንዲት ዘሀራ ናት በረንዳ ላይ የምትጠብቅህ። አሁኑኑ እያንዳንዱን በስሙ ጥራው፣ በኋላ እንዳይከብድህ።»

ልጁ ሳይሰናበታቸው ሄደ። ተኩሱ በረደ፣ የወጣውም ሰው ተመለሰ። ሌላ ሰው ቢሆን «አላልኳችሁም?» ይል ነበር። እሳቸው ግን ያን ሰሞን ይብሱን ተቁነጠነጡ። «አየህ ኑሩ፣ ያኔም እንዲህ ወጥተው ሊመለሱ ይችሉ ነበር» አሉኝ። ነገሩ መልካም ሆኖም ይወጋቸዋል፣ ክፉ ሆኖም ይወጋቸዋል።

ባለፈው ረመዳን ሊያልቅ አካባቢ አንድ ጠዋት ሲሳፈሩ «እትዬ ዘሀራ አፉ አሉኝ» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብዬ መሪውን በመዳፌ መታሁት። ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ደነገጡ። ጋሽ ይመር ግን የመስኮቱን እጀታ ያዙ።

«ጋሼ፣ ደስ አላለዎትም?»

«ብሎኛል። አለቀስኩም። እሳቸውም አለቀሱ።» መስታወቱን አውርደው መልሰው ሰቀሉት። «የራሳቸውን ነው የሰጡኝ፣ ኑሩ። የሁሴንን እሳቸውም ሊሰጡኝ አይችሉም።» ሐረጎ ላይ ወረዱና በእግራቸው ሄዱ።

የቀበርናቸው ኩታበር፣ አባታቸው ባረፉበት ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ ለቀስተኛ ጭኜ ወጣሁ፤ እትዬ ዘሀራን ጨምሮ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ የእኔ መኪና ላይ ነበሩ። ገበሬው ከየአቅጣጫው መጥቷል፣ ከኮምቦልቻም ተማሪዎቻቸው መጥተው አጥሩን ሞልተውታል። ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ያ ወጣት ኃላፊ የሕይወት ታሪካቸውን ሊያነብ ቆመ። የትውልድ ቦታቸውን፣ የትምህርት ደረጃቸውን፣ ያገለገሉባቸውን ዓመታት አነበበ። ከዚያ «በአካባቢያችን በደረሰው ጦርነት ወቅትም ሕዝቡን በማረጋጋትና በፅናት በመምራት...» ሲል ወይዘሮ እቴነሽ ከሳጥኑ አጠገብ ብድግ አሉ።

«እዚያ ላይ ቆም በልልኝ፣ ልጄ።»

ቆመ።

«አረጋጋ ብላችሁ አትቅበሩት። አትውጡ ብሎ ከለከለ እንጂ አላረጋጋም። ማንም ሳያዘው፣ በራሱ ሐሳብ። በዚያም ሰው ሞተ። ጥፋቴ ነው ብሎ ኖረ፣ ጥፋቴ ነው ብሎ ሞተ። ይቺን ለመናገር ስንት ዓመት እንደፈጀበት አብሬው የኖርኩት እኔ አውቃለሁ። በአንዲት መስመር አትንጠቁት። እንደሆነው አድርገህ አንብብለት።»

ልጁ ወረቀቱን ይዞ ቀረ። ከጎኑ የቆሙትን ኃላፊዎች አያቸው፤ እነሱ መሬት መሬቱን ያያሉ። የሚያለቅሱት እንኳ አቆሙ። ከዚያ ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ እየተንተባተበ «አትውጡ ብለው ከለከሉ» አለ። «ማንም ሳያዛቸው። ሰው ሞተ። ጥፋቴ ነው ብለው ኖሩ፣ ጥፋቴ ነው ብለው ሞቱ።»

ከሴቶቹ መሐል እትዬ ዘሀራ ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አደረጉ።

«ልጄ የሞተብኝ እኔ ነኝ» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እውነት ነው፣ እንዲህ ነው የሆነው። በሉ እንግዲህ፣ አሁን ቅበሩት።»

ቀበርናቸው።